ስንጥቁን የሸፈነው ጋዜጣ

የልጅ ልጆቼ የተከራዩት ቤት ጣራው ቢያፈስ ባለቤቱ አላድስም አላቸው አሉ። “እማዬ፣ አንቺስ በደርግ ጊዜ ለማን አቤት ትይ ነበር? እስቲ ንገሪን” ብለው ያዙኝ።

ለቀበሌ ነዋ! ልደታ ያለችው የጭቃ ቤቴ የቀበሌ ነበረች። ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት እንኳ ያስፈራል፤ የሚያድሰው ቀበሌው ነው። አንድ ክረምት ልጆቼ በሚተኙበት በኩል ያለው ግድግዳ ሆዱ ተነፋ። ቋሚው ከሥር በስብሷል። ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፤ ዝም። በሦስተኛው አንድ ሰውዬ መዝገብ ይዞ መጣ።

ያኔ ግድግዳ የሚለበጠው በጋዜጣ ነው። ሙጫውን ከዱቄት አፈላለሁ፤ አይጥ ይወደዋል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ስንጥቁ ላይ ሰፊውን ገጽ መርጬ ለጥፌያለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ፎቶውንስ አውቀዋለሁ፤ ሊቀመንበሩ ናቸው፣ እጃቸውን አንስተው።

“ስንጥቁ የታለ፣ እትዬ?”

“ከእሳቸው ኋላ ነው።”

ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ።

“ይግለጡታ።”

“እርስዎ ይግለጡት እንጂ፣ ጓድ። የመጡት ሊያዩ አይደል?”

“ቤቱ የማን ነው?”

“የመንግሥት ነው ስትሉን አልነበር?”

ሊስቅ ከጀለውና ወደ በሩ ዞሮ አየ። አስቀድዶ ሊመዘግበኝ ነው አልኩ በልቤ። እሱም እኔን እንደዚያው ሳይጠረጥረኝ አልቀረም። ሁለታችንም እጃችንን ሰበሰብን። በመጨረሻ ከወረቀቱ ጫፍ ወጣ ብሎ በመዳፉ ገፋ ሲያደርግ፣ ከጋዜጣው ኋላ ጭቃው ሸር ሸር አለ።

“ከዚህ ሥር ስንት ሰው ይተኛል?”

“ሁለት ልጆቼ” አልኩና ወዲያው ቆጨኝ። ሰው ምን ያስቆጥረዋል?

እዚያው ቆሞ ብዙ ጻፈ።

“ምን ጻፉ?”

“የሚጻፈውን” ብሎኝ ወጣ።

ልጆቼን ወደ በሩ በኩል አስተኛኋቸው። ኮቴ በተሰማ ቁጥር የመጡብኝ እየመሰለኝ ሦስት ቀን በር በሩን ሳይ ሰነበትኩ። በአራተኛው አናጢዎች ባሕር ዛፍ ተሸክመው መጡ። ጋዜጣውን በውኃ አርሰው፣ አንዲት ጫፍ ሳትቀደድ አንስተው ሰጡኝ፤ ግድግዳውን እንደ አዲስ አቆሙት። እኔ ግን አላመንኩም። ሰውዬውን መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ቅያስ ውስጥ እገባ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አብነት ሰፈር ለቅሶ ቤት የቀበሌው የድሮ ጸሐፊ አጠገቤ ተቀመጠች። ያኔ እንጨት የሚፈቀደው ለፈረሰ ቤት ብቻ ነበር አለችኝ። ሰውዬው በእኔ ስም የጻፈው፣ “ግድግዳው ወድቋል፤ ሁለት ሕፃናት ከሥሩ ወጥተዋል” የሚል ኖሯል።