አመዱ ቀዝቃዛ ነበር

ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁላችንም እትዬ ፎርኖ እንላታለን። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ምድጃ ፊት ቆማለች። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱ ያቦካ ነበር፣ እሷ ትጋግር ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ሁለቱንም ደርባ ያዘች። ዳቦ ቤቷ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በልብስ ሰፊው ሱቅና ከተዘጋ በቆየው ፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ በጭስ ጠቁሯል፤ ባንኮኒዋ ክርኑን ባሳረፈባት ሰው ብዛት ለስልሷል። ማልዶ የወጣ መንገደኛ መስኮቷ ሥር ሲደርስ የዳቦው ሽታ እጁን ይዞ ያስቆመዋል። ርቀው ኖረው የተመለሱ ልጆቻችን «እንዲህ ያለ ዳቦ የትም አላየንም» ሲሉ፣ የጋገርነው እኛ የሆንን ይመስል ደረታችን ይነፋል።

ምድጃዋ በእንጨት የሚነድ ነው። በየጠዋቱ አመዱን በአካፋ እየዛቀች ጓሮ ወዳለው የብረት በርሜል ትገለብጠውና ውሃ ታርከፈክፍበታለች። በማግስቱ በእጅ ጋሪ እየገፋች፣ ኮረብታው ግርጌ ሁላችንም ጥራጊ የምንጥልበት ጉድጓድ ድረስ ወስዳ ትደፋዋለች። ከመድፋቷ በፊት ግን የእጇን ጀርባ አመዱ ውስጥ ትከታለች። «መዳፍ ይዋሻል» ትል ነበር። «የጋጋሪ መዳፍ እሳት ለምዷል። የእጅ ጀርባ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው፤ ያየውን ይናገራል።»

በዚያ በጋ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛው ቀን ነበር። የቀረቻትን ውሃ ለሊጡ አድርጋ በርሜሉን እንዲሁ ተወችው። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ጋሪዋን ገፍታ ሄደች፤ እንደ ወትሮዋ ተመለሰች። ነፋስ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከኮረብታው ግርጌ ጭስ ተነሳ። ነገሩን አጥርተን ሳንረዳው የኮረብታው ጥድ መጮህ ጀመረ። ዛፍ ሲቃጠል የሚጮኸውን ጩኸት የሰማ ሰው፣ ዳግም ዝምታን አምኖ አይተኛም።

ያን ቀን ስለ ከተማችን የሚወራው ሁሉ እውነት ነው። በር ተነቅሎ ለታመመ ሰው አልጋ ሆነ። ልብስ ሰፊው ጣቃ ጨርቁን ቆራርጦ፣ እያራሰ ለአፍና ለአፍንጫ መሸፈኛ አደለ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወጣቶች በኳስ ተኳርፈው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ታንከር እስከ ኮረብታው ተሰልፈው ባልዲ ተቀባበሉ። አንዱ፣ «ይቺንም እንደ ፍጹም ቅጣት ምቷ እንዳትስታት» ሲለው ሌላው እየሳለ ሳቀ። እትዬ ፎርኖ ሦስት ቀን ሙሉ ምድጃዋን አላጠፋችም። ትኩስ ዳቦ በማዳበሪያ ከረጢት እየተሞላ ሽቅብ ይወጣ ነበር።

«ኧረ እትዬ፣ ጥቂት ጋደም በይ» አላት ልብስ ሰፊው።

«ጋደም ካልኩ አስባለሁ» አለችው።

ድካም መስሎት የተሞላውን ከረጢት ተሸክሞ ወጣ።

እሳቱ ሲበርድ አርባ አንድ ቤት ጠፍቶ ነበር፤ አንድ ሰውም። ሰዓት ጠጋኙ ከቤቱ ወጥቶ ከዳነ በኋላ ተመልሶ ገባ። በመሳቢያው ውስጥ የሰው ሰዓት ነበረበት፤ ለጥገና የሰጠነው። «የሰው አደራ ነው» ብሏት ነበር ሚስቱን፣ እጁን ከእጇ ሲያላቅቅ። ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት እንዲህ ብላ አንጎራጎረች፦

*የሁሉን ሰው ሰዓት ሲያስኬድ የኖረው፣*
*የራሱን ደቂቃ ማን መጥቶ አቆመው?*

እኛ አለቀስን። እትዬ ፎርኖ ግን አላለቀሰችም። «ማን» የሚለው ቃል ሲደርስ የቀኝ እጇን በግራዋ ሸፍና አቀረቀረች፤ አየናት። ያየን ሁሉ ያን ጊዜ የአመዱ ነገር ገባን።

ማንም ስብሰባ አልጠራም። ማንም ለማንም «እንዲህ በል» አላለም። መርማሪው መነጽሩንና ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ግን፣ አንድ እናት እንደ ወለደችን ነበርን። እሳቱ ከጉድጓዱ እንደ ተነሳ አረጋግጧል። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የዳቦ ቤቱ አመድ በርዶ ነበር ወይስ ፍም ነበረበት?

«በርዶ ነበር። እኔ ራሴ ነክቼዋለሁ» አለ ልብስ ሰፊው።

«እኔም ነክቼዋለሁ» አለ የአውቶቡስ ተራ አስከባሪው።

ጥራጊ ሰብሳቢውም፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም፣ ፀጉር አስተካካዩም ነኩት። ስድስተኛው ምስክር ላይ መርማሪው መነጽሩን አወለቀ።

«በዚህ ከተማ ጠዋት ጠዋት አመድ መንካት ሥራ ነው እንዴ?»

«ሥራ እንኳ አይደለም ጌታዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አመል ነው።»

ወደ እትዬ ፎርኖ ዞረ። «እርስዎስ? ያን ጠዋት እጅዎን ከተው ነበር?»

አፏን ከፈተች። ልብስ ሰፊው ቀደማት፤ «አብሬያት ነበርኩ ስልዎት!»

በመጨረሻ የሰዓት ጠጋኙ ሚስት ገባች። ነጠላ ጫማዋ የሰው ነበር፤ የራሷ ተቃጥሏል። መርማሪው ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። «እኔም አልፌ ስሄድ ነክቼዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር» ብላ ወጣች። መርማሪው «መንስኤው አልታወቀም» ብሎ ጻፈና ደብተሩን ዘጋ። እኛ በራችን ላይ ቆመን ሸኘነው። ኮርተን ነበር፤ አልዋሽም። ከተማችን ሰው አሳልፋ እንደማትሰጥ አንዱ ለሌላው በዓይኑ ይናገር ነበር።

እትዬ ፎርኖ በዚያ ሰሞን ከሰች። ሊጥ እያቦካች በድንገት ትቆምና የእጇን ጀርባ ታያለች። አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ ሰፊውን ከስፌት መኪናው ፊት ቆማ ጠየቀችው።

«ያን ጠዋት የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ውስጥ።»

«ታዲያ?»

«እትዬ፣ እባክሽ ተይኝ። የበላሁበትን ወጪት ልስበር?»

«እኔ ጥፋተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም? እሱን ነው የምፈልገው።»

«እሱን አላውቅም» አለ መርፌው ላይ እንዳፈጠጠ። «ማወቅም አልፈልግም።»

ሁላችንንም ጠየቀች። ሁላችንም ያንኑ መለስን። አንድ ጎረቤት እንኳ «አዎ፣ አንቺ ነሽ» ቢላት ኖሮ ወድቃ ትነሳ ነበር ይሆናል። እኛ ግን በፍቅራችን አጥረናት፣ በሩን ረስተነው ነበር።

እሑድ ዕለት ወደ ሰዓት ጠጋኙ ሚስት ሄደች። ሚስትየው በታች ሰፈር፣ እህቷ ባስጠጋቻት ክፍል፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ የተዋሰችውን ቀሚስ ታሳጥር ነበር። ያሉትን በኋላ የነገረችን እህቷ ናት።

«እታለም፣ አንቺ እዚያ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም።»

«ለምን አልሽ ታዲያ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ስምሽን ብጠራለት ባሌ ይመለሳል? ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

እትዬ ፎርኖ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «በየቀኑ እጄን እከታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት። አሁን ያንን ጠዋት ስፈልገው ሌሎቹ ጠዋቶች ሁሉ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። ከትቻለሁ ስል የቱን ቀን እንደሆነ አላውቅም። እሳት አመድ ወለደ ይላሉ፤ እኔ ጋ አመድ እሳት ወልዶ ይሆናል። ይቅር በይኝ።»

«ምኑን?»

«እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አለች መበለቲቱ። ድምፅዋ አልጠነከረም፣ አልራራም። «ያላጠፋሽ ከሆነ ይቅር የምልሽ ነገር የለም። ያጠፋሽ ከሆነ ደግሞ ገና አልነገርሽኝም። ያስታወስሽ ዕለት ነይና ንገሪኝ። ያን ጊዜ የማደርገውን እኔም አላውቅም። እስከዚያ ድረስ ግን ሌላ ቤት ዳቦ አልገዛም።»

ይኸው ሁለተኛው በጋ ነው። ቤቶቹ ቆመዋል፤ በተነቀሉት በሮች ፋንታ አዲስ በሮች ተገጥመዋል። ኮረብታው ላይ ጥቁር ግንዶች መሐል አረንጓዴ ብቅ ብሏል። በአውቶቡስ ለሚያልፍ እንግዳ እንዴት እንደተረዳዳን እንተርካለን፤ አንዳንዱ ዕንባው ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ለመግዛት እንሰለፋለን። መበለቲቱ ተራዋ ሲደርስ ክርኗን ባንኮኒው ላይ ታሳርፋለች።

«ዛሬስ?» ትላለች።

«ዛሬም አልመጣልኝም፣ እታለም።»

ሁለት ዳቦ ተቀብላ ትወጣለች። እኛ ከኋላ ያለነው፣ እስክታልፍ ድረስ መሬት መሬት እናያለን።