የሰው አያት

የንጉሥ ዘር ነኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ወሬውን ሳላስጨርስ መነሣት ልማዴ ነው። ባገሬ እንዲህ ዓይነቱ ሞልቷል፤ ሦስተኛው ብርሌ ላይ ደርሶ ከሰሎሞን የማይወለድ ጠጪ አላየሁም። ስለዚህ ሀርጌሳ ውስጥ፣ ከዋሄን ገበያ ጀርባ፣ በጥይት ሣጥን ሳንቃ በር የሚሠራ አንድ ክልስ አናጢ ከንጉሥ ዳዊት እንደሚወለድ ሲነግረኝ፣ እዚህም ተከተሉኝ አልኩ።

ያን ጊዜ ከተማዋ ከጦርነቱ ፍርስራሽ እየተነሣች ነበር። ከተማ ስል ግድግዳ ማለቴ ነው። ጣሪያው ሁሉ ተገፎ፣ በርና መስኮቱ ተነቅሎ ተሸጦ አልቋል። ከስደተኛ ጣቢያ የሚመለስ ሰው ቤቱን የሚለየው በወለሉ ቀለም ነበር። እኔ አንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ቀጥሮኝ ሪፖርት እተረጉማለሁ። ቀኑን ሙሉ «መልሶ ግንባታ» እያልኩ ስጽፍ እውልና ማታ በር የሌለው ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። አናጢው ዘንድ የሄድኩት ለዚሁ ነው።

ሳንቃው ላይ የሩሲያ ፊደል ታትሞበታል። ምን ይላል ብዬ ለራሴ ሳጉተመትም፣ አናጢው ቀና ሳይል «እርጥበት እንዳይነካው ነው የሚለው» አለኝ በጠራ የድሬዳዋ አማርኛ። ሩሲያኛ የአባቱ ቋንቋ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ በአባቱ ቋንቋ የሚያነበው ጽሑፍ ቢኖር የጥይት ሣጥን ብቻ ነበር።

ስድሳ ያለፈው፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። ጋሼ እለዋለሁ። አንቱ ስለው ግን እንደ ድሬ ሰው ይቆጣል፤ «አቦ፣ አታርቀኝ» ይላል። አንተ በሉኝ የሚል ልዑል አይቼ አላውቅም ነበርና፣ መጀመሪያ የሳበኝ ይኸው ነው። በሩ ካለቀም በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ጫት እንቅም ጀመር። እኔ ማመን አልፈልግም፤ እሱ ማሳመን አይፈልግም። ሁለታችንም ተመቸን።

የአባቱን ታሪክ በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት። አባትየው ሩሲያ ውስጥ፣ ካርታ ላይ ፈልጌ ያጣኋት አንዲት ሩቅ አውራጃ ባለርስት ነበሩ። በትውልድ ግን ጆርጂያዊ ናቸው፤ ያውም ከነገሥታቱ ቤት። ትልቁ መንግሥት ትንሹን ሲውጥ፣ ልዑላኑ ላገራቸው ሰው መሰባሰቢያ እንዳይሆኑ ከቀያቸው ተነሥተው በየአውራጃው ተበተኑ። መሬት ተሰጣቸው፣ ማዕረግ ተሰጣቸው፣ ስማቸው ላይ የሩሲያ ጭራ ተቀጠለ። ሁለት ሦስት ትውልድ አልፎ አባትየው ዘንድ ሲደርስ፣ ከዚያ ሁሉ መንግሥት የቀረው አንድ የፖም ማሳ፣ አንድ የሚያዘነብል ሠረገላና የአውራጃው መኳንንት ሲሰበሰቡ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ነበር። መኳንንቱ «እስያዊው» ይሏቸዋል። ገበሬዎቹ «ልዑላችን» እያሉ ፖሟቸውን ይሰርቃሉ። እሳቸው የፈረስ ሌባ ይዳኛሉ፣ ስለ ቦይ ይከራከራሉ፣ ክረምቱ ሲረዝም ደግሞ ይጠጣሉ። ከአያቶቻቸው ቋንቋ አንድ ቃል አያውቁም። የሚያውቁት የስም ዝርዝራቸውን ነው። እሱንም የተማሩት አባታቸው እጃቸውን ይዘው በፖም ዛፎቹ መካከል እያመላለሱ ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ አያት ሰይመውላቸው ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ገበሬዎቹ ሰውየውን አልነኳቸውም። ዛፎቹን ግን ለማገዶ ቆረጧቸው። ያን ስሰማ አላስችል ብሎኝ «ሥርወ መንግሥትህ ሾርባ ተቀቀለበታ» አልኩት። ሳቀ። «ጥሩ ሾርባ ነበር አሉ» አለ።

አባትየው በመርከብ፣ ከዚያም በባቡር ድሬዳዋ ገቡ። መንገድ ለሚቀይሱ ሰዎች መሬት እየለኩ ኖሩ፤ አንዲት የሐረርጌ ደገኛ አገቡ፤ በኪራይ ቤት ሞቱ። ለልጃቸው ፊደሉንና የአባቶቹን ዝርዝር አወረሱት። እንጀራውን ያገኘው ግን ሠፈር ውስጥ ከነበረ አንድ የመናዊ አናጢ ነው።

ታዲያ ሀርጌሳ ምን አመጣው? ሥራ ነው ይል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሶማሌ እንግዳ ሲያገኝ ከየት መጣህ አይልም፤ የማን ነህ ነው የሚለው። ገና በደንብ ያልተናገረ ሕፃን እንኳ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ጋሼ ወጣት ሳለ አንድ ጊዜ ለሥራ መጥቶ ሻይ ቤት ውስጥ ተጠየቀ። ድሬዳዋ ሲለው የሚሳቅበትን ያንን ዝርዝር ከራሱ ጀምሮ እስከ ዳዊት ተናገረ። ማንም አልሳቀም። ሻያቸውን አስቀምጠው አዳመጡት። አንድ አዛውንት እንዲያውም አንዱን ስም ፈጥነህ አለፍከው፣ መልሰው ብለውታል። በዚያው ቀረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጠው አገር እንዳገኘ አመነ። ስሕተቱም ይኸው ነበር። እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራ ሌላ ሰው ይኖራል ብዬም አላስብም።

ከጦርነቱ በፊት ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ገዝቶ ነበር፤ እንደ ጊዜው ልማድ፣ በቃልና በምስክር። ጦርነቱ መጣ። አንድ የግመል ነጋዴ ጎረቤት ነበረው፤ ከሱ ቤተሰብ ጋር በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ስደተኛ ጣቢያ ከረመ። ሲመለስ ሻጩ ሞቷል፤ ምስክሮቹም አልቀዋል። ፍርስራሹን ጠርጎ፣ ቆርቆሮ መትቶ፣ በርና መስኮት ሠርቶ ገባበት። ሠፈሩ ውስጥ በር ያለው ቤት የሱ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። ሚስት አላገባም፣ ልጅ የለውም። ያለው ያ ቤት ነው።

ከዚያ የሻጩ የወንድም ልጅ ከዓረብ አገር መጣና ቤቱ የአጎቴ ነው አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ስለ ሽያጩ የነገረው ሰው የለም። ነገሩ እንደማንኛውም ነገር ለአገር ሽማግሌዎች ተሰጠ።

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው አንድ ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ እኔም እዚያው ሳለሁ የግመል ነጋዴው መጣ። ጺሙን ሂና የቀባ፣ ሲቀልድም ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ለኔ ብሎ ነገሩን ከሥር አብራራ። ወገን የሌለው ሰው ወገን ወዳለው ይጠጋል፤ የአስጠጊውን አያት ስም አያቴ ብሎ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ የነሱ ነው። የቆየ ልማድ ነው፤ ስንቱ እንዲህ ገብቶ ዛሬ ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

«ነገ የማን ነህ ሲሉህ የኔን አያት ጥራ» አለው። «እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ወላሂ፣ ውሸት ነው የሚል የለም።»

«ይሄን ፊት እያዩ?» አለ ጋሼ።

«ፊትህን ማን ያያል? የሚታየው ከኋላህ የቆመው ነው።»

ጎረቤትየው ከሄደ በኋላ እኔ ያዝኩት። የማላምንበትን ዘር ለማዳን ስል ሳይሆን ቤቱን እንዳያጣ ነው።

«ያንተ አያቶችስ ምን አደረጉ?» አልኩት። «ትልቁ ንጉሥ ሲመጣ የሱን ጭራ ስማቸው ላይ ቀጥለው መሬት አልተቀበሉም? ሰውየው ያለህ እኮ ይኸንኑ ነው።»

ቅጠሉን ሲመርጥ ቆየ። «አቦ፣ እሱን እኮ ነው የምልህ» አለ። «አንዴ ብለነዋል። አባቴ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሞተ። እኔ ሁለተኛ አልልም።»

ጠዋት ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ግራር ሥር ተሰበሰብን። የዓረብ አገሩ ሰውዬ ወገኖች ጥላውን ሞልተውታል። በኛ በኩል ጋሼ፣ ጎረቤትየው፣ እኔና ሥራ አጥተው ሊያዩ የመጡ ሁለት የአገሬ የቀን ሠራተኞች ነን። የማን ነህ ተባለ። ጎረቤትየው አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። ጋሼም ቆመና የራሱን ጀመረ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ አቋርጠው ነበርና። እየተነፈሰ፣ ሳይቸኩል፣ ስም በስም ላይ እየደረበ ወጣ። ከአባቱ ወደ ፖም ማሳው፣ ከማሳው ወደ ተራሮቹ፣ ከተራሮቹ ወደ ዳዊት። ጎረቤትየው መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌዎቹ መቁጠሪያቸውን አቁመው አዳመጡ። ሲጨርስ የሰብሳቢያቸው ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ይህን ያህል ርዝመት ያለው ሐረግ ከእንግዳ አፍ ሰምተን አናውቅም አሉ፤ አመሰገኑት። ከዚያ በለዘበ ድምፅ ጠየቁት።

«ከነዚህ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ከአንተ ሌላ?»

ሰብሳቢው ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው አስረዱት። ሰው አያቶቹን የሚቆጥረው ለሙታን ብሎ አይደለም። ቢገደል ደሙን የሚጠይቅ፣ ቢገድል የሚካስለት፣ ሲናገር ቃሉን የሚሸከምለት ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። የሱን ቃል የሚሸከም ሕያው ሰው እዚህ የለም። ጎረቤትየውም ሽያጩ ላይ ስላልነበረ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ እንግዳ ነው ተባለ። እንግዳ ይከበራል፤ ግድግዳ ግን የለውም። የእጁ ሥራ የራሱ ነውና በሩን፣ መስኮቱንና ቆርቆሮውን ነቅሎ ይውሰድ። ብዙ ፍርድ ቤት አይቻለሁ፤ እንደዚህ ደግ ፍርድ አላየሁም። ያንገበገበኝም ደግነቱ ነው። ክፉ ቢሆን የምንረግመው ይኖረን ነበር።

ጋሼ ሼክ ኑር ወደሚባለው የከተማዋ ዳር ሠፈር ሄዶ በእንጨትና በጨርቅ ጎጆ ወጠረ። ቆርቆሮውን ሸጦ በላው። በሩን ግን ጎጆው ላይ ገጠመው፤ የጥይት ሣጥን ሳንቃ፣ ከባድ፣ በወጉ የተወለወለ። የመጀመሪያው ነፋስ ይዞት ወደቀ፤ ጨርቅ በር አይሸከምም። ከዚያ በኋላ በሩ ጎጆው ላይ ተደግፎ ኖረ። የድንጋይ ቤቱ ውስጥም ማንም አልገባ። የተፈረደለት ሰው ዝናቡ ሳይጀምር ወደ ዓረብ አገር ተመለሰ፤ በቀዳዳው ፍየል ይወጣል፣ ፍየል ይገባል።

ጋሼ አልተማረረም። ዝርዝሩን ግን ተወው። አዲስ ጎረቤት የማን ነህ ሲለው «ድሬ» ብቻ ይላል። ላስቆጣው ብዬ ዳዊትን ሰደብኩበት፤ እረኛ ነበር፣ የሰው ሚስት ቀማ አልኩት። «ልክ ነህ» አለኝ። ያን ቀን ነው ሰውየው እንዳለቀ የገባኝ። ሙግቱን ያሸነፍኩት ያኔ ነው፤ እንዲህ የመረረ ድል ገጥሞኝ አያውቅም።

የአቧራው ወራት ሲገባ ሳል ያዘው፤ ሳይቆይ ሞተ። ቄስ አልነበረም። ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ልጅነቱን በዲቁና ያሳለፈ ስለነበር የሚያስታውሰውን ያህል ጸሎት አደረሰ። ቃሬዛ ስላልነበረን በበሩ ላይ ተሸክመነው ከሠፈሩ ዳር፣ ማንም የሌለበት መሬት ላይ መቆፈር ጀመርን። በመልሶ ግንባታ ዘመን ግን ማንም የሌለበት መሬት የሚባል ነገር የለም። ጉድጓዱ ወገብ ሳይደርስ ሦስት ሰዎች መጥተው ቆሙብን። ይህ መሬት የኛ ነው፤ ማንን ነው የምትቀብሩበት አሉ። አንደኛው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ሟቹ የማን እንደሆነ ጠየቀ።

አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ከሰዓት በኋላ አብሬው ስቀመጥ ሳላዳምጥ ከርሜ፣ በተርታ የማውቀው ሦስት ስም ብቻ ነበር።

ሳንጠራው መጥቶ ራቅ ብሎ የቆመው የግመል ነጋዴ ወደፊት መጣ። «የኛ ነው» አለ። የአያቱን ስም ጠራ፤ ከዚያ የአያቱን አባት፤ ሳይቸኩል፣ እየተነፈሰ፣ አንዱን ስም ሳይዘል ወደ ላይ ወጣ። ሰዎቹ እኛን አዩን፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ያስቀመጥነውን የእንጨት መስቀል አዩ፤ ከተገነዘበት ነጠላ የወጣውን ያንን ረጅም ነጭ እግር አዩ። ከዚያ የነጋዴውን ጺም አዩ። ያመነ አልነበረም። አላህ ይማረው ብለው ሄዱ።

ይህን ሊቃወም የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በሩ ላይ ተኝቷል። ወደ ቁፋሯችን ተመለስን።