የአቡ ሰሊም ትንፋሽ

ወይዘሮ ናዲራ የተቀበሉትን የማይረሱ፣ ውለታን በአፍ ብቻ ሳይሆን በሥራ የሚመልሱ ሴት ናቸው። በቤተልሔም አጠገብ ባለችው በቤት ሳሁር ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለልጃገረዶች ደብካ የሚባለውን የሰልፍ ጭፈራ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ሸብቷል።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሚጅዊዝ የሚባለውን ጥንድ የሸምበቆ ዋሽንት የሚነፉላቸው አቡ ሰሊም ነበሩ። ናዲራንም በልጅነታቸው ያስጨፈሩ እርሳቸው ናቸው። ደረታቸው ታሞ ሐኪም መንፋት ሲከለክላቸው ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ቀርቦ ነበር። የአዳራሹ ሹማምንት ከገበያ የተገዛ ዘፈን ይበቃል አሉ። ወይዘሮ ናዲራ ይህን ሰምተው፣ «እኚህ ሰው በሕይወት ሳሉ በዓሉ ያለ ድምፃቸው አይውልም» ሲሉ መለሱ።

በእጃቸው የነበረው በአንድ ሠርግ ላይ በስልክ የተቀዳ የአቡ ሰሊም ዜማ ነው፤ እጅግ ረጅም ነው፣ እልልታና የመኪና ጥሩምባም ሞልቶበታል። ስለዚህ ኮምፒዩተር ተውሰው የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም ይማሩ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ዜማውን በሙሉ አጠፉት፤ ደግነቱ ዋናው ቅጂ በስልካቸው ቀርቶ ነበር። ቀስ በቀስ ዜማው የሚያልቅበትን እየለዩ፣ እየቆረጡና እየቀጠሉ አሳጠሩት። ለጆሮ ስፌቱ የማይታወቅ ሆነ።

ልጃገረዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጨፍሩበት ግን መሀል ላይ ሰልፉ ተበተነ።

«መምህርት፣ እግሬ ወደ ኋላ ቀረ እኮ!» አለች አንዷ።

«ያንቺ ቀረ፣ የኔ ቀደመ፤ በይ ቤተልሔም ላይ እንገናኝ!» አለቻት ጓደኛዋ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ወይዘሮ ናዲራ አልሳቁም፤ በዓሉ በዚያው ሳምንት ነበር። ቤታቸው ገብተው ሲያስቡት ጥፋቱ ታያቸው። ዜማው በአራት በአራት ምት ይመለሳል፤ የደብካ እርምጃ ግን በስድስት ይዞራል። አብረው ይነሣሉ፣ ይለያያሉ፣ ኋላም በየአሥራ ሁለቱ ምት ተመልሰው ይገጥማሉ። እርሳቸው ተቀምጠው በጆሮ ብቻ ስለቆረጡ፣ ሁለቱ ሳይገጥሙ ዜማውን ቆርጠውት ኖሯል።

ወዲያው ባላቸውን፣ የወይራ እንጨት ጠራቢውን ጀሪስን ጠሩ።

«ና እዚህ ተቀመጥ። እኔ እጨፍራለሁ፤ 'አሁን' ስልህ ይህችን ቁልፍ ንካ፤ ዜማው ላይ ምልክት ታደርጋለች።»

«ሴትዮ፣ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል?»

«ባሏ ሥራ ያዘ ይላል።»

ወይዘሮ ናዲራ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ከዜማው ጋር ተነሡ። የእግራቸው ምትና የዜማው መነሻ አንድ ላይ ሲወድቁ «አሁን!» አሉ፤ ጀሪስ ዘገየ።

«እጅህ የወይራ ግንድ ነው እንዴ?»

«ግንዱን ማን አግቢ አለሽ?» ብሎ ሳቀ፤ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አልዘገየም። ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ምልክት ቆረጡ። በተቀጠለው ዜማ ወይዘሮ ናዲራ ዳግመኛ ሲጨፍሩ እግራቸው አልሳተም።

በበዓሉ ቀን አቡ ሰሊም ከፊት ተቀመጡ። ዜማው ሊጀምር ሲል ከድምፅ ማጉያው፣ «ወንበሬን የወሰደው ማነው?» የሚል የቁጣ ቃል ወጣ፤ አቡ ሰሊም በዚያ ሠርግ ላይ ከመንፋታቸው በፊት የተናገሩት ነበር፣ ወይዘሮ ናዲራም ሆን ብለው አላጠፉትም። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሽማግሌውም የተቀመጡበትን ወንበር በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ሚጅዊዙ ተነሣ፤ የልጃገረዶቹ እግር እንደ አንድ እግር መሬቱን መታ። እኔም ከሕዝቡ ጋር ከበር አጠገብ ቆሜ ሳይ የአቡ ሰሊም ተረከዝም አብሮ ይመታ ነበር።

ጭፈራው ሲያልቅ ወይዘሮ ናዲራ ቀርበው የሽማግሌውን እጅ ሳሙ።

«አጥፍቼብዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄ፣ ደረቴ እምቢ ያለኝን ትንፋሽ አንቺ መለስሽልኝ። ሌላ ምን እላለሁ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እኛም እንዲሁ እንላለን፦ የወይዘሮ ናዲራን ጉልበት ያጽና፤ የጀሪስን እጅ ይባርክ፤ ከቤታቸው ዜማና ሰላም አይጥፋ። አሜን።