ከልጄ ተረከዝ የተወሰደው ደም

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው አገጩ ነበር። ቀጥሎ እጆቹ። ልጄ የመወለጃ ወሩ ሳይደርስ፣ ጣና ዳር ባለው ቤታችን በተወለደ በማግሥቱ ነው። አማቴ ወይዘሮ ዘሃራ «በርዶት ነው» ብለው በጋቢ ጠቀለሉት። ከሰዓት በኋላ ግን ጡት አልይዝ አለ። ክንዱን አንስቼ ብለቀው ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ።

ዓሣ አጥማጁ ባለቤቴ ቀበሌ ስብሰባ ጠርቶት አልነበረም። አማቴን «ሆስፒታል እንሂድ» አልኋቸው።

«አራስ ከቤት ትወጣለች እንዴ?» አሉኝ። ልጁን ሳሳያቸው ግን ሻሻቸውን አነሱ። ጋሪ ይዘን ሄድን።

ዶክተሩ ልጁን እንዳዩት ተረከዙን በመርፌ ወጉ። አላለቀሰም። ደሙን ስትሪፕ በሚሉት ቀጭን ወረቀት ጫፍ ላይ አድርገው ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ። ከዚያ በውኃ አጥበው፣ ጠርሙሱ ላይ ካሉት ቀለማት ጋር አስተያዩት። ስኳር ቢኖር ወደ ሰማያዊ መዞር የነበረበት ወረቀት እንደነጣ ቀረ።

«ሃይፖግላይሴሚያ ነው» አሉ። «የደሙ ስኳር በጣም ወርዷል። አንጎሉ ምግብ አጥቷል።»

«ይተርፋል?»

«እንሞክራለን።»

ክንዱ ላይ ደም ሥር ጠፋ። እግሩም ላይ ጠፋ። ጭንቅላቱን ጥቂት ላጭተው እዚያ አገኙና ግሉኮስ የሚሉትን የስኳር ውኃ ሰጡት። ጠበቅን። እንደገና ሊወጉት ሲሉ አማቴ የዶክተሩን እጅ ያዙ።

«ይህን የምታህል ነፍስ ምን ደም አላት ብለው ነው?»

«እማማ፣ ካላየሁት ስኳሩ መውጣቱን አላውቅም። ይልቅ እግሩን ይያዙልኝ።»

አማቴ «ቢስሚላህ» ብለው ያዙ። መርፌው ሲገባ ልጄ ጮኸ። ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ዞረ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ደስታችን አልቆየም። በሚቀጥለው ምርመራ ስኳሩ ተመልሶ ወርዷል። ዶክተሩ ግሉኮሱን በጠብታ አስቀጠሉ። ስትሪፑ እንዳያልቅባቸውም እያንዳንዱን በመቀስ ለሁለት ይሰነጥቁት ጀመር።

በቀጣዮቹ ቀናት የጡቴን ወተት በኩባያ እያለብሁ በማንኪያ ጠብ ጠብ ሳደርግለት፣ ግሉኮሱም ቀስ በቀስ ሲቀነስ፣ አማቴ እግሩን ለሌላ ሰው ሳይሰጡ በተወጋ ቁጥር ራሳቸው እየያዙ ቆዩ፤ አንድ ቀን ጠዋትም ልጄ ጡቴን ራሱ ፈልጎ ያዘና እያላበው እስኪጠግብ ጠባ።

ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ከአባቱ ጋር ጀልባ ይወጣል። ዶክተሩን ባሉበት አላህ ይጠብቅልኝ፤ እግሩን የያዙትን አማቴንም ነፍሳቸውን ይማር። እናንተ አራስ የያዛችሁ፣ ልጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ከዛለ ወይም ጡት እንቢ ካለ ብርድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁት ወደ ሐኪም ሩጡ። ስኳሩ ወጣ ሲሏችሁም ቶሎ ወደ ቤት አትቸኩሉ፤ «እስቲ ደግማችሁ እዩልኝ» በሉ። ነውር የለውም።