የመጋረጃው ካባ

ከተማዋ በዓመት አንድ ቀን መጤዎቿን ትወዳለች። ከመጤዎቹ አንዱ የሆነው ልብስ ሰፊም የዚያን ቀን የበዓሉ ድንኳን ውስጥ እንደ ሙሽራ ተገትሮ ይውላል።

አዘጋጆቹ «የባህል ልብስህን ለብሰህ ና» ብለውታል። የምን የባህል ልብስ እቴ! ባገሩ ሳለ ዕድሜ ልኩን የለበሰው ሱሪና ሸሚዝ ነው፤ አባቱም እንደዚያው። አምና እንደ ልማዱ ለብሶ ቢመጣ «ይሄ ባህሉን የረሳ ነው» ተብሎ ታማ። ስለዚህ ዘንድሮ የሳሎኑን መጋረጃ አውርዶ ካባ ሰፋ፤ ጫፉንም በወርቃማ ክር ዘመዘመው። የመጋረጃ ዘንግ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች እንኳ አልደፈነም፤ ጌጥ ይመስላሉ ብሎ ነው። ደግሞም መሰሉ።

ከንቲባው አቅፎት ፎቶ ተነሳ። ላቡ በጀርባው ይንቆረቆራል፤ እሱ ግን ጥርሱን አልከደነም። አንድ ጋዜጠኛ የቀዳዳዎቹን ትርጉም ሲጠይቀው ኮስተር ብሎ፣ «ነፍስ የምትተነፍስባቸው ናቸው» አለ። ጋዜጠኛው አንድም ሳያስቀር ጻፈው።

ሊመሻሽ ሲል አንዲት አሮጊት መጥተው ካባውን ይዳብሱ ጀመር። ወዲያው አወቃቸው፤ ከሱ ቤት ሥር ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ደረጃ ላይ ሰላም ሲላቸው ቀና ብለው አይተውት አያውቁም።

«እንዴት ያምራል ልጄ! ከአያትህ የወረስከው ነው?»

«አይ እማማ፣ ባለፈው ሳምንት ነው የሰፋሁት።»

«የት?»

«ከራስዎ በላይ!» አለና የካባውን ጫፍ ገልብጦ አንድ የተጣመመ ስፌት አሳያቸው። «የስፌት መኪናዬ ድምፅ ረብሾዎት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ሲደበድቡብኝ ደንግጬ ይቺ ጋ ተንሻፈፈችብኝ።»