ባቡር ሄጄ ነበር

ሰው በሦስት ቃል ራሱን ከዳተኛ ሊያደርግ ይችላል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። እኔ ግን አድርጌዋለሁ። ቃሎቹም «ባቡር ሄጄ ነበር» የሚሉ ናቸው።

ብሔራዊ ውትድርና የገባሁት ከአቃቂ ነው፤ የሠለጠንኩትም እዚያው። የሰፈሬ ልጆች ስሙን እንኳ ሰምተን ወደማናውቀው በረሃ ሲጫኑ፣ እኔ የደረሰኝ ከሐዲዱ ባሻገር ያለው የማሠልጠኛ ሜዳ ሆነ፤ ከእናቴ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ። ሰው ሁሉ «አንተ ዕድለኛ ነህ» ይለኝ ነበር። የቤቱን ጣሪያ እያየ መግባት የተከለከለ ሰው ዕድለኛ ከተባለ፣ አዎ፣ ነበርኩ።

አንድ እሑድ ጎረቤታችን እስከ ማሠልጠኛው አጥር ድረስ መጥታ እናቴ ወገቧን ታማ መተኛቷን፣ ቤት ውስጥም አንድ እፍኝ ዱቄት እንደሌለ ነገረችኝ። ለጓድ መሪያችን ነገርኩት። የጓድ መሪ ይባል እንጂ እንደኛው ሠልጣኝ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ፣ ክንዱ ላይ ባሰሯት ቀይ ጨርቅ ብቻ ከእኛ የሚለይ። ማንንም የማስወጣት ሥልጣን አልነበረውም። ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሂድ፣ ድረስላቸው» አለኝ። «ከስም ጥሪ በፊት ግን እዚህ እንድትሆን።»

ከቤት ጤፉን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ስደርስ ወረፋው እስከ ደጅ ወጥቷል። ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው የሞተሩ ችንጋ ተበጠሰ። ባለ ወፍጮው እስኪጠግነው ቁጭ ብድግ ስል፣ ጥዬ ልሂድ ስል፣ የእናቴ ባዶ ሞሰብ እየታየኝ ተመልሼ ስቀመጥ ሰዓቱ አለፈ። ዱቄቱን ቤት አድርሼ እየሮጥኩ ስመለስ ስም ተጠርቶ ካበቃ አንድ ሰዓት ሞልቶታል።

በር ላይ የጠበቀኝ አሠልጣኛችን አስር አለቃው ነው።

«የት ነበርክ?»

«ባቡር ሄጄ ነበር።»

በእኛ ቤት ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ባቡር ደርሼ ልምጣ» እያለች እህሏን ስታስፈጭ ኖራለች፤ ሰው የሚሳፈርበትን «ምድር ባቡር» ነው የምንለው። አስር አለቃው ግን እህል በእጅ ከሚፈጭበት አገር የመጣ ሰው ነበር። እሱ የሚያውቀው ባቡር አንድ ብቻ ነው፤ በሐዲድ ላይ ወደ ድሬዳዋ የሚነጉደው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

«አመለጠህ አይደል?» አለኝ።

ስም ጥሪውን መስሎኝ «አዎ፣ አመለጠኝ» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ!

ሦስት ቀን ዘብ ቤት ተዘጋብኝ። ጠዋት ጠዋት ጠጠር ላይ ያንበረክኩኛል። ለመዘግየት ይህ ሁሉ ምንድነው ብዬ በሆዴ እሳደባለሁ እንጂ ክሴን አላወቅሁም። በሦስተኛው ቀን ሰልፍ ፊት ሲነበብ ሰማሁት፤ «በባቡር ለመክዳት ሞክሮ ባቡሩ ስላመለጠው ተመልሷል። ጥፋቱንም አምኗል።»

ጥፋት ያለባቸው ሠልጣኞች ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ በመጀመሪያው መኪና ግንባር እንደሚላኩ የማያውቅ አልነበረም። መኪናዎቹ ሊመጡ የቀራቸው አራት ቀን ነው። እኔ ጠመንጃ በወጉ መፍታት እንጂ መግጠም ገና አልሆነልኝም። በዚያ ላይ ከዳተኛ ሆኖ መሄድ አለ፤ የጎረቤት ሰው እናቴን ምን ብሎ ያጽናናት? እህል አይወርድልኝም፤ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የቀሩኝን ቀናት እንደገና እቆጥራለሁ።

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፤ ቻለው» አሉኝ የድንኳኔ ልጆች። «ዝም አይነቅዝም።» ብስጭት አልኩ። ዝምታ ባይነቅዝ እኔ ልነቅዝ ነው!

አቤት በል ያለኝ የጓድ መሪው ብቻ ነው። ጽሑፉ ከእኔ ይሻላልና አቤቱታውንም በእጁ ጻፈልኝ። ወፍጮውን ጻፈ፣ ችንጋውን ጻፈ፣ ባቡር የሚለውን ቃል አብራርቶ ጻፈ። ማን እንዳስወጣኝ ግን አልጻፈም። እኔም ጻፍ አላልኩትም፤ አንዱ የሌላውን ዓይን ሳያይ ወረቀቱን አጠፍነው።

አቤቱታ የሚቀርበው ደግሞ በዕዝ ሰንሰለት ነው። ስለዚህ በክሱ ላይ አቤት የምልበትን ወረቀት ያቀበልኩት ለራሱ ለከሰሰኝ ለአስር አለቃው ነው። እየቀዳደደ የሚጥለው መስሎኝ ነበር፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና ይዞት ሄደ።

መኪናዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር አዛዣችን ሻምበሉ አስጠራኝ። አቤቱታዬና የሚሄዱት ሰዎች ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አስር አለቃው ጥግ ላይ ቆሟል።

«የሄድከው የምድር ባቡር ነው የወፍጮ ባቡር?» አለኝ ሻምበሉ።

እንባዬ መጣ። «የወፍጮ፣ ጓድ ሻምበል።»

ሳቁን ለቀቀው። «እኔም እናቴ ባቡር ትልከኝ ነበር እኮ» ብሎ ወደ አስር አለቃው ዞረ። አስር አለቃው አልሳቀም፤ ፊቱ ቀላ። ሻምበሉ እስክሪብቶውን አንስቶ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። ስሜ ነው። ያን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ሦስት ቀን የሞትኩት ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ታዲያ» አለ፣ እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ፣ «ወፍጮም ቢሆን ከጊቢ ወጥተሃል። ማን ፈቀደልህ?»

ማንም አልፈቀደልኝም ካልኩ ያለ ፈቃድ የወጣሁ ነኝ፤ የተሰረዘው ስም ተመልሶ ይጻፋል። በመስኮቱ በኩል ሰልፉ ይታየኛል፤ ቀይ ጨርቋ ከሰልፉ ራስ ላይ ነች። «መልስ እንጂ» አለኝ፤ አልጮኸብኝም። ተገድጄ ነው ማለት እወድ ነበር። ማንም በጣቱ እንኳ አልነካኝም።

ነገርኩት። ሻምበሉ ከሰረዘው መስመር በላይ የጓድ መሪውን ስም ጻፈ።

በማግስቱ መኪናዎቹ ሲመጡ ዘብ ተረኛ እኔ ነበርኩ፤ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ ልሸኛቸው አስቤ ነበር። የመጨረሻው መኪና በሩ ላይ ቀጥ አለና ከኋላው በስሜ ተጠራሁ። ቀና አልኩ። የጓድ መሪው ነው፤ ክንዱ ላይ ጨርቋ የለችም። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ።

«እናትህ ተሻላቸው?» አለኝ።

«ተሻላት።»

«እግዜር ይመስገን። ሰላም በልልኝ።»

መኪናው ሄደ። እናቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖራለች፤ ሰላምታውን አላደረስኩም። ማነው እሱ ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ።