የመሸሻ ባለ ሁለት አፍ

የቀጨኔ ሰው መሸሻን ሲያነሳ ልብስ ሰፊነቱን አያነሳም። ሽሮ ሜዳ ሰላሳ ዓመት የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው፣ ግን የሚነሳው በጠመንጃው ነው። ከአባቱ የወረሳት ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ከአልጋው በላይ በሁለት ሚስማር ተሰቅላለች። ሚስቱ ብርሃኔ «ጣውንቴ» ነው የምትላት። እውነቷን ነው፤ መሸሻ በየቅዳሜው ጠመንጃዋን ውስጥም ውጭም በለጋ ቅቤ ያሻታል፣ ብርሃኔ ለጸጉሯ ቅቤ ስትጠይቀው ግን «ተወዷል» ይላል።

እሱ ቤት የገባ እንግዳ የነብሩን ወሬ ሳይሰማ አይወጣም። አባቱ በግራ አፏ ነብር ጥለዋል። ነብሩ አርጅቶ ያነክስ ነበር የሚሉም አሉ፣ እንግዲህ ያየ የለም። መሸሻ ራሱ በዕድሜው አንዴ ተኩሶ በጀርባው ወደቀና ሦስት ቀን ወጌሻ አሸው። ይህን ብርሃኔ ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ነው የነገረችው፤ ጎረቤትየዋም ለአንድ ሰው ብቻ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ታዲያ ቀበሌው መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ አለ። የሚተኩሰውን አብዮት ጥበቃ ይወስደዋል፣ የማይተኩሰው ለባለቤቱ ይመለሳል። መሸሻ እህል አልወርድ አለው።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አለችው ብርሃኔ። «አርጅታለች፣ አትሠራም በላቸው፣ በቃ።»

«እሷን? አትሠራም?»

«ወይ እሷን ስደባት፣ ወይ ተሰናበታት።»

ማክሰኞ ዕለት ጠመንጃዋን በነጠላ ጠቅልሎ ሄደ። በመንገድ ሁሉ «አትሠራም፣ አትሠራም» እያለ ሲለማመድ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አጥናፉም ደህና አድርጎ ተቀበለው። ምን ያደርጋል፣ በዚያው ሰዓት የቀበሌው የኪነት ቡድን ጓሮ ሆኖ ከበሮ ይለማመዳል።

«እስቲ አያያዙን ያሳዩን፣ አባባ መሸሻ» አለው አጥናፉ።

መሸሻ ጠመንጃዋን አነሳ። ከበሮው ድም ድም አለ። ለምዝገባ ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ፣ ምኗ እንደነካት እንጃ፣ እልል አለች። ከዚያ በኋላ መሸሻን የሚመልሰው ጠፋ። ነጠላውን ወርውሮ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፣

«ዘራፍ!
ነብሩን በግራ አፏ፣ ጅቡን በቀኝ አፏ፣
ዛሬም አልዶለዶመም ያ ክፉ ምላሷ» ብሎ ፎከረ።

ሰው አጨበጨበ። አጥናፉ እስክሪብቶውን አነሳና «እንግዲያው ትሠራለች» ብሎ ጻፈ። «ቅዳሜ ስብሰባው ፊት ራስዎ ይተኩሳሉ፣ ከዚያ እንረከባለን። ጥይት እኛ ጋ አለ።»

ብርሃኔ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። ጠመንጃዋን ከነባሏ እየነዳች ብረት ሠሪው ባጫ ዘንድ ወሰደቻቸው። ባጫ የእንጨቱን እጀታ ነቀለ፣ ሁለቱን አፈሙዝ በሲባጎ አንጠለጠለና በማማሰያ ቆረቆረ።

«እንደ ደወል መጮህ ነበረባት» አለ። «ይሄ የተሰነጠቀ ገንቦ ድምፅ ነው።» ወደ ፀሐይ አዙሮ በአፏ ውስጥ አየ። «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚቀቧት?»

«ለጋ ቅቤ። ምርጡን።»

«ለጋ ቅቤ አሬራ አለው። አሬራ ደግሞ ብረት ይበላል። ግራዋ ውስጥ ውስጡን አልቃለች። ሲጀመርም ድፍን ብረት አይደለችም፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች ናት። ለዱሮው ጭሳም ባሩድ ነው የተሠራችው፤ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚገፋ። የዛሬውን ጥይት ካጎረሷት እጅዎን ይዛ ትሄዳለች።»

መሸሻ ስለ እጁ አልጠየቀም። «እኔ ነኝ የገደልኳት?» ብቻ አለ።

«ጸጉሬን ብትቀባልኝ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለች ብርሃኔ።

ቅዳሜ ሰው ግቢውን ሞላው። አጥናፉ ሁለት አዳዲስ ጥይት አቀበለው። መሸሻ ይዟቸው ቆመ። እጁን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ብርሃኔን አየ። እሷ ጣቶቿን ዘርግታ፣ አንድ በአንድ እያጠፈች ታሳየዋለች።

«ታማለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን አሉ?»

«ታማለች አልኩ። ውስጧ ተበልቷል።»

«ማክሰኞ ምላሷ አልዶለዶመም ብለው ነበር።»

«ማክሰኞማ ፉከራ ነው። ፉከራ ይመዘገባል እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አጥናፉ ግን አልሳቀም። «መሣሪያ ለመደበቅ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አባባ» አለ፤ ሳቁም ወዲያው ጸጥ አለ።

ባጫ ጣልቃ ገባ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጎማ ላይ እንሰራትና ቃታዋን በገመድ እንሳብ። እውነት ካልሆነ ይወስዷታል።»

የመኪና ጎማ ተገኘ። ጠመንጃዋን ጥይት አጉርሰው በልብስ ማድረቂያ ገመድ ጠፍረው አሰሯት፣ ሰዉ ሁሉ ከአዳራሹ ጀርባ ተከለለ። አጥናፉ የሳቢውን ገመድ ለመሸሻ ሰጠው። መሸሻ አማተበና ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ።

ግቢው ተናወጠ። ከጓሮ ሽንት ቤት ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮ በረረ፣ የቀበሌው ጸሐፊም ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ጢሱ ሲገለጥ ግራ አፏ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገልጣ ተገኘች። ከጎማው ዳር ጭብጥ የሚያህል ተቦጭቋል፤ የሰው እጅ የሚሆንበት ቦታ ላይ።

አጥናፉ ተቦጭቆ የቀረውን ጎማ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወረቀቱን ሳበና «ለጌጥ ብቻ» ብሎ ጻፈበት፣ ማኅተምም መታበት።

መሸሻ ጠመንጃዋን እንደ አራስ ልጅ በነጠላው አቅፎ ወደ ቤት አቀና። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አየሽ፣ ብርሃኔ፣ እሷ የሰው ጥይት አትወድም።»

ብርሃኔ ግን እጁን ይዛ ነበር፤ በመንገድ ሁሉ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትቆጥራለች።